የሳይፓን ኢኮኖሚ በ2016 ከ25 በመቶ በላይ አደገ ይላል፤ ይህን ቁጥር እንዴት ልጠቀምበት?

ጥያቄ፦ ሰሚራ_ኢኮ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በትንንሽ ደሴት ግዛቶች የኢኮኖሚ ዕድገት አለካክ ላይ ነው። የመረጥኩት በአሜሪካ ሥር ያሉትን የሰሜን ማሪያና ደሴቶች ነው፤ ዋናዋ ደሴት ሳይፓን ናት። የአሜሪካ የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ ባወጣው መረጃ መሠረት የግዛቷ ጂዲፒ (በዓመት ውስጥ እዚያ የተመረተው ዕቃና አገልግሎት ጠቅላላ ዋጋ)፣ የዋጋ ለውጡ ተቀንሶለትም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ25 በመቶ በላይ አድጓል። በ2017ም እንደዚያው። በ2018 ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ወረደ።

አማካሪዬ ረቂቄን ሲመልሱልኝ ዳር ላይ “ይህ ዕድገት ነው ወይስ የአንድ ሕንፃ ታሪክ?” ብለው ጽፈውበታል። ዝላዩ እውነት ነው ወይስ የአለካክ ችግር? የነዋሪው ኑሮ መሻሻሉንስ በምን ላሳይ? የቤተሰብ ገቢ መረጃ ፈልጌ አጣሁ። ከፖርቶ ሪኮ ጋር ላወዳድርም አስቤ ነበር። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ ቁጥር_ወዳጅ

ሰሚራ፣ ዝላዩ እውነት ነው። ግን ምን እንዳመጣው ሳታዪ ስለ ዕድገት አትጻፊ። ቢሮው ከጠቅላላው መጠን ጋር እያንዳንዱ ክፍል ለዕድገቱ ስንት የመቶኛ ነጥብ እንዳዋጣ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ ጽሑፍሽን እሱ ላይ ገንቢው። በ2016 የጎሉት የአገልግሎት ወጪ ንግድና የግል ኢንቨስትመንት ናቸው። ቱሪስት ሳይፓን ላይ የሚያወጣው ገንዘብ፣ ካዚኖ ውስጥ በቁማር የሚበላውም ጭምር፣ በሒሳቡ የወጪ ንግድ ነው። ኢንቨስትመንቱ ውስጥ ደግሞ ጋራፓን በተባለው የሳይፓን ሰፈር ይገነባ የነበረው ግዙፍ ካዚኖና ሆቴል ትልቁን ቦታ ይይዛል።

እንዲገባሽ በምናብ ቁጥር ላሳይሽ። ያለፈው ዓመት ጂዲፒ 100 ነበር እንበል። የቱሪስት ወጪ በ20 ጨመረ፣ ግንባታው በ12። ብረቱም ሲሚንቶውም ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ የገቢ ንግዱ በ10 ጨመረ። 20 ሲደመር 12፣ ሲቀነስ 10፤ 22 በመቶ ዕድገት! የነዋሪው ፍጆታ ግን ባለበት ነው። ይኸው ሕንፃ አዲስ አበባ ላይ ቢቆም በአገሪቱ ጂዲፒ ላይ ምልክቱ እንኳ አይታይም። ሃምሳ ሺህ ሰው የማይሞላበት ግዛት ላይ ግን ሁሉን ይሸፍናል። የአማካሪሽ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ስለ ካዚኖው የሚጻፉ ዜናዎች ለውርርድ የተንቀሳቀሰውን ገንዘብ በቢሊዮን ዶላር ይጠቅሳሉ። ጂዲፒ ውስጥ የሚገባው እሱ አይደለም፤ ለአሸናፊዎች ከተከፈለው በኋላ ካዚኖው ዘንድ የቀረው ብቻ ነው የሚቆጠረው። ሁለቱን የሚያምታታ ጽሑፍ ብዙ ነው።

መነሻውንም ተመልከቺ። ተከታታይ መረጃው ከ2002 ይጀምራል። ያኔ የሳይፓን የልብስ ፋብሪካዎች ገና ይሠሩ ነበር። በ2005 የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ኮታ ሲነሳ መዘጋት በዙ፤ በ2009 የመጨረሻው ተዘጋ። የ2016ቱ መቶኛ የተሰላው ከዚያ ሁሉ ውድቀት በኋላ በቀረው ላይ ነው። ስለዚህ በመቶኛ ብቻ አትሂጂ፤ በቋሚ ዋጋ የተሰላውን መጠን ከ2002 ጀምረሽ በግራፍ አውጪው።

መልስ፦ የሜሪላንዱ

የቤተሰብ ገቢ መረጃ ያጣሽው በየዓመቱ የሚወጣ ስለሌለ ነው። በአሜሪካ ክፍላተ ሀገር በየዓመቱ የሚካሄደው የማኅበረሰብ ጥናትም ሆነ ወርሃዊው የሥራ ስምሪት ጥናት ሳይፓን፣ ጉዋምና አሜሪካን ሳሞአን አይሸፍኑም። የ2020 የደሴቶቹ ሕዝብ ቆጠራ ግን የ2019ን ገቢ ጠይቋል፤ እሱን ተጠቀሚ። ለድርጅቶች ደግሞ በየአምስት ዓመቱ የሚካሄድ የደሴቶች የኢኮኖሚ ቆጠራ አለ።

ለነፍስ ወከፍ ስሌት ስትደርሺ ተጠንቀቂ። የግዛቷ ሕዝብ በ2000 69,221 ነበር፣ በ2010 53,883፣ በ2020 47,329። ሰው በለቀቀ ቁጥር ምርቱ ባይጨምርም ነፍስ ወከፉ ከፍ ይላል። የምርቱንና የሕዝቡን ለውጥ ለየብቻ አሳዪ።

ሰሚራ_ኢኮ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንድ የቀረኝ አለ። የካዚኖው ባለቤቶች የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ትርፉ ከወጣ ለምን ይቆጠራል? ብዙ ፊሊፒናውያንና ቻይናውያን ሠራተኞችም አሉ፤ የሚልኩት ሐዋላ ይቀነሳል?

መልስ፦ ጡረተኛ_መምህር

ልጄ፣ ጂዲፒ የሚለካው እዚያ መሬት ላይ የተመረተውን እንጂ ገንዘቡ የማን ኪስ እንደገባ አይደለም። የባለቤቶቹ ትርፍ የሚቀነሰው ወደ ብሔራዊ ገቢ፣ ማለትም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ወዳገኙት፣ ስትሸጋገሪ ነው። ሐዋላው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ሠራተኛ የዚያው ቦታ ነዋሪ ይባላል፣ ደመወዙም የግዛቷ ገቢ ነው። ለቤተሰቡ የሚልከው እንደ ስጦታ ዝውውር ይመዘገባል። ሳዑዲ ለዓመታት የኖረች እህታችን ወደ አገር ቤት የምትልከውም በዚሁ ደንብ ነው የሚታየው። ለጥቂት ወራት ብቻ የመጣ ሠራተኛ ደመወዝ ግን ከብሔራዊ ገቢው ይቀነሳል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሆን ፖርቶ ሪኮን እዪ። የመድኃኒት ኩባንያዎች ትርፋቸውን እዚያ ስለሚያስመዘግቡ፣ ብሔራዊ ምርቷ (የውጭ ባለቤቶች ትርፍ የተቀነሰለት) ከጂዲፒዋ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። የራሷ የፕላን ቦርድ ዕድገትን የሚናገረው በብሔራዊ ምርቱ ነው፤ ዓመቱንም የሚቆጥረው ከጁላይ 1 ነው፣ ከእኛ ሐምሌ 1 በአንድ ሳምንት ቀድሞ። የትንተና ቢሮው የደሴቶች ጂዲፒ ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ስለዚህ ማወዳደር ትችያለሽ፣ የፕላን ቦርዱን ቁጥር ከሳይፓን ጂዲፒ አጠገብ አታስቀምጪ እንጂ፤ ለፖርቶ ሪኮም ቢሮው ራሱ የሚያወጣውን ጂዲፒ ውሰጂ።

መልስ፦ ቁጥር_ወዳጅ

የ2018ቱን መውደቅ ሁሉ በአውሎ ነፋስ እንዳታሳብቢ። ዩቱ የተባለው አውሎ ነፋስ ሳይፓንንና ጎረቤቷን የቲኒያን ደሴት የመታው በኦክቶበር መጨረሻ ነው፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው። የካዚኖው ገቢም በዚያ ዓመት በብርቱ ቀንሷል። ደግሞም የፈረሰ ቤት ዋጋ ከጂዲፒ ላይ አይቀነስም፤ መልሶ ለመሥራት የሚወጣው ግን ይደመራል። ቱሪስቱ ሲቀር የታጣው ገቢ ነው በሒሳቡ የሚታየው። የቤቱን ውድመት በሌላ ምዕራፍ ለብቻው ጻፊው፤ ጣሪያው ለተገነጠለበት ሰው ከጂዲፒው የበለጠ የሚገደው እሱ ነው።

ሠንጠረዡን ስታወርጂ የወጣበትን ቀን ያዢ፤ ቢሮው የቀድሞዎቹን ዓመታት ቁጥሮች ስለሚከልስ፣ ከሁለት የተለያዩ እትሞች ቀላቅለሽ አንድ ግራፍ አትሥሪ።