አውቶማቲክ መኪናዬ በድንገት አልሄድም አለች፤ ካምቢዮው ነው?

የአሮጊቷ ሾፌር

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዬ ሃያ ዓመት አልፏታል። አውቶማቲክ ናት፤ የሚነዱት የፊት ጎማዎቿ ናቸው። ሞተሯ አሁንም ጤነኛ ነው።

ትናንት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሜ ወደ ግራ ልታጠፍ ነዳጅ ነካ ሳደርግ ከስር "ቷ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ የለም። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ዲ፣ 2፣ አር፣ ሁሉንም ሞከርኩ። ነዳጅ ስሰጣት ትጮሃለች እንጂ አትሄድም። ከስር የመፋጨት ድምፅ ይሰማል። ዳሽቦርዱ ላይ ምንም መብራት አልበራም። ሰዎች ገፍተውልኝ ዳር አስያዝኳትና በመጎተቻ ቤት ገባች።

ከዚያ በፊት ማርሽ ስትቀይር እንከን አልነበራትም። መንሸራተት የለ፣ መዘግየት የለ፣ ዘይት ማንጠባጠብ የለ። ያያት መካኒክ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት "ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሄዷል፣ ሌላ ፈልግ" አለኝ። ካምቢዮ ከመግዛቴ በፊት ራሴ ላረጋግጠው የምችለው ነገር ይኖራል?

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ዲ ላይ አድርጌ ነዳጅ ስሰጣት፣ መኪናዋ ቆማ የፍጥነት መለኪያው ቀስት ወደ ላይ ይወጣል። ትርጉም አለው ወይስ እሱም ተበላሽቶ ነው?

ቱርቦ

ወንድሜ አትድከም፣ ካምቢዮው ነው። በዚህ ዕድሜዋ ሌላ ምን ይጠበቃል? በየትኛውም ማርሽ አልሄድ ካለች ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ያገለገለ ካምቢዮ ፈልግና ቀይር፣ ወይ እንዳለች ሽጣት።

ጥቁር እጅ

አትሽጥ፣ አትግዛም። የመጨረሻዋን ጥያቄህን መጀመሪያ ጽፈሃት ቢሆን ሌላው ባላስፈለገ ነበር።

ዕድሜዬን መኪና ስር ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። አሁን ሥራውን ለልጆች ትቼ ወሬው ላይ ነኝ። እና አንድ ነገር ልንገርህ፦ ቀስቱን የሚያንቀሳቅስ ካምቢዮ አልሞተም። በመኪናህ ዘመን በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ የፍጥነት መለኪያው መረጃውን የሚያገኘው ከካምቢዮው መውጫ ወይም ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች ከሚያካፍለው ከዲፈረንሻሉ ነው። ቀስቱ ወጣ ማለት የካምቢዮው ፓምፕ ዘይት እየገፋ ነው፣ ውስጡ ያሉት ክላቾች እየያዙ ነው፣ ዲፈረንሻሉም እየዞረ ነው። ኃይሉ እስከዚያ ደርሷል። የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ሁለት ዘንግ ብቻ ነው፤ አንዱ ወደ ግራ ጎማ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። በደፈናው ሲቪ ጆይንት የምንላቸው ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተሰበረ ወይም ከቦታው ከወጣ መኪናዋ አትሄድም። "አንዱ ቢሰበር በሌላው አትሄድም ወይ?" ትለኝ ይሆናል። አትሄድም። ተራ ዲፈረንሻል ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። የተሰበረው ወገን ሸክም ስለሌለበት መዞሩ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፣ ደህናው ጎማ ቁጭ ብሎ ያያል። ለዚህ ነው በሁሉም ማርሽ አንድ ዓይነት የሆነብህ። መብራት ያልበራውም ለዚሁ ነው። ኮምፒውተሩ የካምቢዮውን መግቢያና መውጫ ፍጥነት ያመሳክራል፤ ሁለቱ ከማርሹ ጋር እስከተስማሙ ድረስ ጎማው ዞረ አልዞረ ግድ የለውም። ክላች ተንሸራቶ ቢሆን ፒ0730 የሚባለው የማርሽ ስህተት ኮድ ወይም የሱ ዘመዶች በመጡ ነበር።

አሁን ያለምንም መሣሪያ ሞክር። ሜዳ ቦታ ላይ ሁን፣ ቁልቁለት ላይ እንዳትሞክረው። ፊቷ ሰው አይቁም፤ ከጎማው አንድ ክንድ ራቅ አድርገህ እንጨት አስቀምጥ። ሞተር አጥፋ፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ልቀቅና ግፋ። ደህና መኪና ትንሽ ተወዛውዛ ትይዛለች። ፒ ማለት ካምቢዮ ውስጥ አንዲት ጥርስ ገብታ መውጫውን ማገዷ ነውና። ያንተዋ ዝም ብላ ከተንከባለለች አንዱ ዘንግ የለም።

በነገራችን ላይ ነዳጅ እየሰጠህ መሞከሩን ተው። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ወገን ሲበር፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ለረጅም ጊዜ እንዲህ እንዲፈጥኑ አልተሠሩም። ሁለተኛ ብልሽት እንዳትጨምርበት።

ሽቦ

ጥቁር እጅ ያሉት ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። የማርሽ ገመዱ ወይም ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ብትሰበርም መኪና ፒ ላይ ልትንከባለል ትችላለች። እጀታው ፒ ይላል፣ ካምቢዮው ግን ኤን (ነፃ ማርሽ) ላይ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ፍሬን ተረግጦ እጀታውን ከፒ እስከ ዲ ያመላልሰው። አንተ ካምቢዮው ላይ ያለችውን ትንሽ ክንድ እያት። አብራ ከተንቀሳቀሰች ገመዱ ደህና ነው።

ጥቁር እጅ

ጥሩ ብለሃል፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ስለሆነ ይታይ። ግን ካምቢዮው ኤን ላይ ቀርቶ ቢሆን ቀስቱ ዲ ላይ አይወጣም ነበር። ቀስቷ ብዙ ነገር ተናግራለች።

ሌላ ሰው ይህን ሲያነብ እንዳይሳሳት ግን፦ ቀስቱ ባይንቀሳቀስ ወሬው ሌላ ነበር። ያኔ ከዘይቱ ነው የሚጀመረው። የዘይት መለኪያ ባለው ካምቢዮ ላይ ሞተር ጠፍቶ ልኩን እይ፣ ከዚያ አስነስተህ ድገም። ፓምፑ ሲሠራ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን) ስለሚሞላ ልኩ ዝቅ ይላል። ምንም ካልተለወጠ ፓምፑ ዘይት እየገፋ አይደለም። ይህ ለፓምፑ ነው እንጂ ለትክክለኛው ልክ አይደለም። ትክክለኛው ልክ በብዙ መኪና ሞቆ፣ ሞተር እየሠራ፣ ፒ ላይ ነው የሚለካው፤ ሆንዳ ግን ካሞቅህ በኋላ አጥፍተህ ወዲያው ለካ ይላል። ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገው። ቀይ ከሆነ ደህና። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ክላቹ እየተበላ ነው። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከመሰለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራዲያተሩ ውሃ ገብቶበታል፤ እሱ ክፉ ነው።

ወደ አንተ ስመለስ፦ ስትታጠፍ ከፊት "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ነበረህ? ጎማውን ወደ ዳር አዙርና ከቸርኬው በስተጀርባ እይ። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶ ተረጭቶ ካገኘህ ንገረኝ።

የአሮጊቷ ሾፌር

ጋሼ፣ ተንከባለለች! ፒ ላይ ሆና በአንድ እጅ ነው የገፋኋት። ገመዱንም አየነው፣ ክንዷ በደንብ ትንቀሳቀሳለች።

ድምፁ ነበረ፤ ወደ ግራ ስታጠፍ ብቻ ነበር የሚሰማው። ግራው ጎማ መስሎኝ እሱን ነበር የምጠረጥረው። ግን የተቀደደው ሽፋን በቀኝ በኩል፣ ጎማው አጠገብ ነው። ግራሶው ቸርኬውን ከውስጥ አጥቁሮታል። ሽፋኑን ገለጥ ሳደርገው ውስጥ ያሉት ኳሶች ተበታትነዋል፣ ይዟቸው የነበረው ቀለበት ተሰብሯል። ሁለቱንም ዘንግ ልቀይር ወይስ ቀኙን ብቻ? ስቀይርስ ምን ልጠንቀቅ?

ጥቁር እጅ

ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል የቀኙ ነው የሚጮኸው፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስባል።

የግራው ሽፋን ካልተቀደደና ካልጮኸ ተወው። ቀኙን ሙሉ ዘንጉን ቀይር፤ ኳስ መልቀም ውስጥ አትግባ። የዘንጉን ዳዶ ጎማው መሬት ላይ እያለ ነው የምታላላው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የምታጠብቀውም መሬት ላይ ነው። አዲስ ዳዶ ተጠቀም። በቶርክ ቁልፍ የመኪናዋ መጽሐፍ ባለው ልክ አጥብቅ፤ በግምት ያጠበቀ ሰው ቆይቶ ኩሽኔታ ይቀይራል። ዘንጉ ወጥቶ ወይም ዳዶው ላልቶ ባለበት መኪናዋን ከክሪክ አውርደህ አትግፋ። ኩሽኔታውን ጨምቆ የያዘው እሱ ነው።

ክሪክ ላይ ብቻ አትመን፤ መደገፊያ ሳታደርግ ከስሯ አትግባ። ዘንጉ ከካምቢዮው ሲወጣ ዘይት ይፈሳል፣ ዕቃ አዘጋጅ። እዚያ ያለውን የዘይት ማገቻ ላስቲክ በዚያው ቀይረው። አዲሱ ሲገባ ጫፉ ላይ ያለችው የሽቦ ቀለበት "ጠቅ" ብላ መያዝ አለባት። ከያዘች በኋላ በካምቢዮው በኩል ያለውን የውስጡን ጆይንት የብረት አካሉን ይዘህ ሳብ አድርገው፤ መውጣት የለበትም። ዘንጉን ራሱን እንዳትስበው፣ ጆይንቱ ይለያይብሃል። የፈሰሰውን ያህል መጽሐፉ ያዘዘውን ዘይት ጨምር፣ ልኩን አይተህ ንዳ።

ቱርቦ

እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። ግን የኔ ደግሞ ወደፊት ትሄዳለች፣ አር ላይ ብቻ ነው እምቢ የምትለው። እሱም ዘንግ ነው?

ጥቁር እጅ

አይደለም። በአንድ አቅጣጫ ከሄደች ዘንጎቹ ደህና ናቸው። መጀመሪያ ዘይቱን እይ፣ ከዚያ ሽቦ ያለውን የገመድ ሙከራ አድርግ። ገመዱ ሲረዝም ክንዷ አር ላይ ሙሉ በሙሉ ላትደርስ ትችላለች። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የዘይት ግፊቱን አር ላይ በጌጅ አስለካ። ግፊቱ ጥሩ ሆኖ ካልያዘ የኋላ ማርሹ ክላች ነው፣ ያኔ ካምቢዮው ይከፈታል። ኮፈን ሳይከፍት የሚፈርድ መካኒክ ጋር ግን አትውሰዳት።