«ቀለጠ»፣ «ሟሟ» ወይስ «ረጋ»? ስለ ጥልቅ ምድር አለት ስንጽፍ

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ስለ ጣርማበር ጥቁር ድንጋይ ለተማሪዎቼ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ከጥልቅ ምድር አለት ቀልጦ ወጣ» ብዬ ብጽፍ ባልደረባዬ «ሟሟ ይሻላል» አለኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? «ቀልጦ ቀረ» የሚለው ፈሊጥስ ከዚህ ጋር ይዛመዳል?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፦
መምህር፣ ሁለቱም ቃላት ያስፈልጉዎታል፤ ቦታቸው ግን ይለያያል። «ቀለጠ» የሚባለው ጠጣሩ ነገር ራሱ ፈሳሽ ሲሆን ነው፤ ሰምና እርሳስ ይቀልጣሉ። «ሟሟ» ግን ሌላ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ጨው በውሃ ይሟሟል። የኬሚስትሪ መጻሕፍት ሟሚ፣ አሟሚ፣ ሙሙት የሚሉት ከዚሁ ግንድ ነው።

ከመሬት ቅርፊት ሥር እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወርደው ማንትል ብዙ ሰው እንደሚያስበው የእሳት ባሕር አይደለም፤ ጠጣር አለት ነው። የላይኛው ክፍሉ በአብዛኛው ፔሪዶታይት ሲሆን ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የሚባሉ ማዕድናት ይበዙበታል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይህ አለት ውሃ ከሌለው ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያልፍም እንኳ ወዲያው አይቀልጥም፤ የላዩ ጫና ጠጣር አድርጎ ይይዘዋል። አለቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀልለታል፤ የመቅለጫው ሙቀትም አብሮ ይወርዳል። ያን ጊዜ ተጨማሪ ሙቀት ሳያገኝ መቅለጥ ይጀምራል። ውሃ ሲገባበትም እንዲሁ ቶሎ ይቀልጣል። እዚህ ላይ «ቀለጠ» ትክክለኛ ቃል ነው። ነገር ግን እባክዎ «በከፊል» የሚለውን አይተዉ። የሚቀልጠው ብዙ ጊዜ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ቅልጡ (የቀለጠው ፈሳሽ) ከወጣበት አለት የተለየ ይዘት አለው፤ ካልሲየምና አልሙኒየም ይበዙበታል፣ ማግኒዚየም ያንሰዋል።

«ሟሟ» የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ባልደረባዎም ያነሱት ነጥብ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅልጡ ከጠጣሩ አለት ስለሚቀል በማዕድናቱ ጠርዝ እየሰረገ ወደ ላይ ይወጣል። በተፈጠረበት ጥልቀት ከፓይሮክሲን ጋር ተስማምቶ፣ ሳያሟሟው አብሮት ይኖር ነበር፤ ጫናው ሲቀንስ ግን ያ ስምምነት ይፈርሳል። በመንገዱ ያገኘውን ፓይሮክሲን እያሟሟ በምትኩ ኦሊቪን ይጥላል። ፓይሮክሲኑ ሲያልቅ ዱናይት የሚባል፣ ከሞላ ጎደል ኦሊቪን ብቻ የሆነ አለት ይቀራል። ኋላ የሚመጣው ቅልጥ በዚያ መተላለፊያ ሲያልፍ የሚያሟሟው ብዙ ነገር ስለማያገኝ የጥልቁን ጠባይ ይዞ ይወጣል። ፓይሮክሲኑን «ቀለጠ» ካልነው ይህ ሁሉ ታሪክ ይጠፋል፤ ዙሪያውን የከበበው ፈሳሽ ነው የፈጀው። «በላው» ቢሉም ያስኬዳል፤ ብረትን ዝገት በላው እንላለንና።

መልስ፣ ከመንዝ፦
ስለ ፈሊጡ ልጨምር። «ቀልጦ ቀረ» የሚባለው ወጥቶ ላልተመለሰ፣ የደረሰበት ላልታወቀ ሰው ነው። «የቀለጠ ሰርግ» ደግሞ ጭፈራው የደመቀ ነው። ሁለቱም ስለ አለት አያወሩም። እኔ ግን መጠየቅ የምፈልገው ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ስለሚባለው «ረጋ» ነው። ወተትም ሞራም ይረጋል፤ ለድንጋይ «ጠጠረ» አይሻልም?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። በገጸ ምድር ላይ የፈሰሰው ቅልጥ (ላቫ) በሙሉ ደርቆ ድንጋይ ሲሆን «ጠጠረ» እላለሁ። ፈሳሹ ገና ፈሳሽ እንዳለ ማዕድን ከውስጡ ሲለይ ግን «ረጋ» ይሻለኛል፤ የተወሰነው ክፍል ብቻ መያዙን ይናገራልና። ፈሊጡም ቢሆን ከአለት ጋር ጨርሶ አይራራቅም። ብዙ ቅልጥ ከገጸ ምድር አይደርስም፤ በማንትሉ ውስጥ ወይም ከቅርፊቱ ሥር ቀዝቅዞ ይቀራል። በቀረበትም ቦታ አምፊቦልና ፍሎጎፓይት የሚባሉ፣ ውሃ የያዙ ማዕድናትን ትቶ ዙሪያውን አለት ይለውጠዋል። እንዲህ የተለወጠ አለት ሌላ ጊዜ ቶሎ ይቀልጣል፤ የሚሰጠውም ቅልጥ ሌላ ዓይነት ነው። ለዚህኛው «ቀልጦ ቀረ» ቃል በቃል ይሠራል።

ወደ መምህሩ ልመለስ። «ጣርማበር» በአገራችን የሥነ ምድር ጥናት ባዛልት የሚባለው የጥቁር ድንጋይ የአንድ ክፍሉ መጠሪያ መሆኑን ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ የገዛ አካባቢያቸው ስም ነው። ከመንገዱ ዳር አዲስ የተሰበረ ድንጋይ አንሥተው በማጉያ መነጽር ሲያዩት አረንጓዴ የኦሊቪን ቅንጣት ሊያገኙ ይችላሉ። የአየር ጠባይ የነካው ከሆነ ቡናማ ይሆናል። ልጆቹ «ሳይቀልጥ የተረፈ ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እንዲህ ያለው ቅንጣት በአብዛኛው ቅልጡ ወደ ላይ ሲወጣ ከውስጡ የረጋ ነውና፣ በጽሑፉ ላይ «የረጋ ኦሊቪን» ብለው ቢያሰፍሩት ደስ ይለኛል።