ለወፍራም የባሕር ዛፍ ተሸካሚ የትኛው መጋዝ ይሻላል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። ለምንሠራው ሰፊ በረንዳ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ የባሕር ዛፍ ተሸካሚዎችን አሰንጥቀን አዘጋጅተናል። ጫፎቻቸው ከምሰሶው ጋር ያለ ክፍተት መግጠም ስላለባቸው ቁርጡ ቀጥ ያለ እንዲሆን እንፈልጋለን። በእጃችን ያለው ባለ 190 ሚሊ ሜትር የኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ ሲሆን፣ እርሱም ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ይቆማል። አንዳንዶች የሰንሰለት መጋዝ እንድንገዛ ይመክሩናል፤ ሌሎች ደግሞ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ትልቅ ክብ መጋዝ ቢልክልን ይሻላል ይላሉ። ልምድ ያላችሁ ብታማክሩን እናመሰግናለን።

መልስ 1 (አናጺ፣ ከባሕር ዳር)
መጋዝ ሲመርጡ በቅድሚያ ሊያዩት የሚገባው የስለቱን ስፋት ሳይሆን ስለቱ ከመጋዙ እግር (እንጨቱ ላይ ከሚያርፈው ጠፍጣፋ ብረት) በታች ወርዶ የሚቆርጠውን ጥልቀት ነው። ባለ 190 ሚሊ ሜትሩ ወደ 65 ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል፤ ባለ 235ቱ ደግሞ 85 ገደማ ይደርሳል። የእንጨትዎ ውፍረት 15 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ትልቁን መጋዝ በሁለቱ ሰፋፊ ፊቶች በእያንዳንዱ በኩል አንድ ጊዜ ቢያስኬዱት ቁርጦቹ መሐል ላይ ይገናኛሉ። የሚገዙ ከሆነ እንግዲህ ይህንን ይግዙ።

የማይገዙ ከሆነ ግን ያለዎት መጋዝ ይበቃል፤ ቀጥ ያለ ቁርጥ የሚገኘው ከመጋዙ ትልቅነት ይልቅ ከምልክቱ ትክክለኛነት ነውና። ስኳድራውን (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያውን) ሁልጊዜ ከሁለት ተጎራባች ፊቶች ላይ ብቻ አስደግፈው መስመሩን በአራቱም ፊት ያዙሩት። የመጨረሻው መስመር ከመነሻው ጋር ካልገጠመ እንጨቱ ጎብጧል ወይም ማዕዘኑ ተዛብቷል ማለት ስለሆነ፣ ከመቁረጥዎ በፊት ያስተካክሉት። ከዚያም ቀጥ ያለ ጣውላ በሞርሳ አስረው፣ የመጋዙን እግር በጣውላው ጠርዝ እያስጠጉ በአራቱም በኩል ይቁረጡ። መሐል ላይ ሳይቆረጥ የሚቀረው 2 በ7 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ እርሱን ትልልቅ ጥርስ ባለው የእጅ መጋዝ ይጨርሱት። አስቀድሞ የተከፈተው መንገድ የእጅ መጋዙን ስለሚመራው በቀላሉ አይስትም።

መልስ 2 (የደን ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ)
የሰንሰለት መጋዝ የዕለት መሣሪያዬ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አልመክርዎትም። ዛፍ ለመጣልና ግንድ ለመቆራረጥ ተወዳዳሪ የለውም፤ ይሁን እንጂ የሚከፍተው መንገድ ሰፊ፣ ፊቱም ሻካራ በመሆኑ፣ ሰንሰለቱ ባንድ ወገን ትንሽ ከዶለዶመ ደግሞ ቁርጡን ወደ ጎን ስለሚጎትተው፣ ለሚገጣጠም ጫፍ አይሆንም። በተጨማሪም የመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ግማሽ እንጨት ከነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ሠራተኛው ፊት ይወረወራል። ሥልጠናና መከላከያ ልብስ ለሌለው ሰው ይህ ሕይወት የሚያሳጣ አደጋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንጨቱን በሁለት ጫፎቹ ብቻ አስደግፈው መሐሉን ከላይ ከቆረጡ፣ በራሱ ክብደት ወደ ታች ሲጎብጥ የቁርጡ አፍ ይዘጋና የትኛውንም መጋዝ አንቆ ይይዛል። የሚጣለው ቁራጭ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ በነፃነት እንዲወድቅ ድጋፎቹን በሚቀረው ወገን ያድርጓቸው።

መልስ 3 (ከሜሪላንድ)
ከአሜሪካ ይላክ የሚለውን ሐሳብ በጥንቃቄ ይዩት። እዚህ የሚሸጠው መጋዝ በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰኩት ሞተሩ ይቃጠላል። በ15 አምፔር የሚሠራ መጋዝ 1800 ዋት ያህል ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ፣ የሚያስፈልገው ትራንስፎርመር ከባድና ውድ ነው። ወንድምዎ በዚያው ገንዘብ አገር ውስጥ ባለ 220 ቮልቱን ቢገዙልዎ ይሻላል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለን መጋዝ እንሠራለን። እንጨቶቹ ግን ገና እርጥብ ናቸው፤ ይህ ለውጥ ያመጣል?

መልስ 1 (አናጺ፣ ከባሕር ዳር)
በጣም ያመጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ ይቀላል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሁን በልኩ አይቁረጡት። በእያንዳንዱ ጫፍ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትተው፣ ጫፎቹን በወፍራም የዘይት ቀለም ቀብተው፣ በመካከላቸው ሞራሌ (ቀጭን ርብራብ እንጨት) እያስገቡ ጥላ ሥር ይደርድሯቸው። ሲደርቁ የተሰነጠቀው ክፍል ከትርፉ ጋር ይወገዳል፤ የስኳድራው ሥራም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።