የ1987 ማርቸዲስ በ9,000 ዩሮ፦ ልግዛት? ስንትስ ታወጣለች?

ጠያቂ፦ ሰላም ከካሰል

ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን፣ ካሰል ነው የምኖረው። ከኛ በታች የሚኖሩ የ84 ዓመት ሽማግሌ አሉ። መንዳት ሊያቆሙ ነው። መኪናቸውን «ለደላላ ከምሰጣት ላንቺ» አሉኝ። ማርቸዲስ 300 ኤስኢ ናት፣ ደብሊው 126 የሚሏት። የ1987 እ.ኤ.አ. ስሪት፣ ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ 212 ሺ ኪሎ ሜትር የሄደች። ከአዲስነቷ ጀምሮ የሳቸው ናት። የሰርቪስ ደብተሯ ማህተም በማህተም ነው። 9,000 ዩሮ ብለውኛል።

ችግሬ መካሪ በዛብኝ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ «ገዝተሽ ላኪልኝ፣ እዚህ ወርቅ ናት» ይላል። አዲስ አበባ ያለው አባዬ ደግሞ ድሮ የመሥሪያ ቤት ማርቸዲስ 200 ዲ ይነዳ ስለነበር ፎቶዋን ለጎረቤት ሁሉ አሳይቶ ጨርሷል። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ መሙላት ነው። ዋጋው ልክ ነው? እዚህ ብይዛት ግብሯ ስንት ነው? መላክስ ያዋጣል? ለሥራ የምመላለስባት ትንሽ ቶዮታ አለችኝ።

መልስ፦ ባትላሜራው (ሽቱትጋርት)

እህቴ፣ ዋጋ ከማውራታችን በፊት መኪናዋን ከሥር እንያት። እኔ የምበላው ከላሜራ ነው። 126 ላይ ሞተር አትፍሪ፣ ዝገት ፍሪ።

በጎኗ ከታች ሰፊ የፕላስቲክ ሽፋን አላት። ጀርመኖቹ በዲዛይነሩ በብሩኖ ሳኮ ስም «የሳኮ ጣውላ» ይሉታል። ያምራል። ግን ከጀርባው ያለውን ጉድ አያሳይም። ክሪክ የሚገባባቸው አራት ቦታዎች አሉ፣ በትንንሽ የፕላስቲክ ክዳን የተሸፈኑ። ክዳኑን አንሺና በስልክሽ መብራት ወደ ውስጥ እዪ። ቡናማ ዱቄት ከረገፈ ሥራ አለ። ጣትሽ ከገባ ብዙ ሥራ አለ።

ሁለተኛ፣ የኋላ መስታወት ግርጌ። ጎማው ሥር ውሃ ይቋጥርና ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ፖርቶ ባጋሊዮውን ክፈቺ፣ ምንጣፉን አንሺ፣ ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በእጅሽ ዳስሺ። እርጥበት ካለ ጥፋተኛው መስታወቱ ሊሆን ይችላል። ይህን ማሠራት የላሜራም የመስታወትም የቀለምም ሒሳብ ነው። ሦስቱም ለየብቻ ያስከፍላሉ።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለሽ የጎማ ቅስቶቹ ላይ አሳልፊ። አንድ ቦታ ላይ አልይዝ ካለሽ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው።

ለማየት ስትሄጂ ጠዋት ሂጂ፣ ሞተሯ ሳይሞቅ። ደርሰሽ ኮፋኖው ሞቆ ከጠበቀሽ በማግስቱ ተመለሺ። ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች የቫልቭ ጎሚኖቿ ደርቀዋል። ይህ የዚህ ሞተር የታወቀ በሽታ ነው፣ ይሠራል። ዘይትም ታለቅሳለች፤ ጠብ ጠብ ካላለ አትደንግጪ። ደግሞ እነዚያ ከ1992 እስከ 1995 ገደማ የተሠሩት ማርቸዲሶች የሞተር ሽቦ ልባሱ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ያንቺ ከዚያ በፊት ስለተሠራች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናት።

መልስ፦ ሒሳብ ያዥ (ፍራንክፈርት)

ስለ ግብር የጠየቅሽውን እኔ ልመልስ። ጀርመን ውስጥ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ታርጋ ካወጣች 30 ዓመት ከሞላት፣ ይዞታዋ ጥሩ ከሆነና የመጀመሪያ መልኳን ካልለቀቀች የ«ሃ» ታርጋ ታገኛለች። ታርጋው ጫፍ ላይ ያለችው ፊደል ናት። ከዚያ በኋላ የሞተር ትልቅነት አይቆጠርም። ግብሩ ለሁሉም በዓመት 191.73 ዩሮ ነው።

ልዩነቱን እዪው። ያንቺ 2,962 ሲሲ ናት፤ ለግብር 30 መቶ ሆና ትታሰባለች። ጭስ ማጣሪያ ከሌላት በየመቶው 25.36 ዩሮ፣ ማለትም 760.80። ማጣሪያ ኖሯት በጭስ ደረጃ «ዩሮ 1» ከተባለች በየመቶው 15.13፣ ማለትም 453.90። በ«ሃ» 191.73፣ አለቀ። አረንጓዴ የጭስ ስቲከር በሚጠየቅባቸው የከተማ መሃሎችም ያለ ስቲከር ትገቢያለሽ።

ሽማግሌውን አሁን በምን ታርጋ እንደሚነዷት ጠይቂያቸው። «ሃ» ካላት አንድ መርማሪ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሥሯ ገብቶ አይቷታል ማለት ነው። ክረምት ላይ የማትነጂያት ከሆነ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ሃ»ንና የወቅት ታርጋን አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል። የምትከፍይውም ለምትነጂባቸው ወራት ብቻ ነው።

ለኢንሹራንሱ ቶዮታዋ ትጠቅምሻለች። የአሮጌ መኪና ኢንሹራንሶች ብዙዎቹ በየቀኑ የሚነዳ ሌላ መኪና እንዲኖርሽ ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ፈጣን ነኝ (ሙኒክ)

ማርቸዲስ የሽማግሌ መኪና ነው። በዚህ ብር ቢኤምደብሊው 7 ግዢ።

መልስ፦ ባትላሜራው (ሽቱትጋርት)

ፈጣን፣ ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ ነው። የቢኤምደብሊውህን የኤሌክትሪክ ሽቦ ጨርሰህ ስትጠግን ተመለስ።

መልስ፦ የአሌክሳንድሪያው (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ወንድምሽን አላውቀውም፤ ግን ወርቅ ያላት ነገር እዚህ እንደዛ አይደለችም።

ማስገባቱ በሕግ ይቻላል። 25 ዓመት ያለፋት መኪና ከአሜሪካ የደህንነት ደንብ ነፃ ናት። 21 ዓመት ያለፋትና ሞተሯ ያልተቀየረ ከሆነ ከጭሱም ደንብ ነፃ ናት። ይህ ሁሉ የመጣው በ1980ዎቹ ሰዉ 500 ኤስኢኤል የምትባለውን ማርቸዲስ ከአውሮፓ በራሱ መንገድ እየጫነ ሲያስገባ በ1988 እ.ኤ.አ. ሕጉ ስለጠበቀ ነው። ቨርጂኒያ ከገባች በኋላም 25 ዓመት ለሞላት መኪና የአንቲክ ታርጋ ይሰጣል። ዓመታዊ ምርመራ የለባትም። ግን እንደ ልብ አትነዳም፦ ለትርኢት፣ ለጥገናና አልፎ አልፎ ለመዝናናት ነው፣ ያውም ከቤት በ250 ማይል ውስጥ።

ችግሩ ገበያው ነው። 300 ኤስኢ እዚህም ከ1988 ጀምሮ በይፋ ተሽጣለች። እዚሁ ያለችውን ትቶ ለመርከብ፣ ለጉምሩክና ለወደብ ማን ይከፍላል? ፈረንጆቹ ከአውሮፓ የሚያሳድዱት እዚህ ያልተሸጠውን ነው። በእጅ ማርሽ፣ የጨርቅ ወንበር፣ ቀጭኑ የአውሮፓ ፓራኡርቶ ያላት 126 ብትሆን ወሬው ሌላ ነበር። አውቶማቲክ ባለ ቆዳ ወንበር እዚህ ሞልቷል። ሴዳኗ ብቻ ከ800 ሺ በላይ ተሠርታለች እኮ።

በዚህ አጋጣሚ፦ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኚ። ውስጡ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ትሰበርና ቆጣሪው ይቆማል፣ መኪናዋ ግን ትሄዳለች። እኔ «130 ሺ ማይል» ብዬ የገዛኋት 300 ኤስዲ፣ ዲዝሏ ማርቸዲስ፣ ቆጣሪዋ ከቆመ 6 ዓመቷ ነበር። ያወቅሁት ኮፋኖው ሥር ተለጥፎ ከቀረ የዘይት ቅያሪ ወረቀት ነው። ያንቺ ደብተር አላት፤ ቁጥሮቹ በየዓመቱ በእኩል እየጨመሩ መምጣታቸውን እዪ።

መልስ፦ ሒሳብ ያዥ (ፍራንክፈርት)

የአሌክሳንድሪያው ልክ ነው። እንዲያውም ፍሰቱ ወደዚህ ነው። ነጋዴዎች ከአሜሪካ ደረቅ አገር፣ ከጃፓንም ጭምር ጀርመን ይመልሷቸዋል። ምክንያት አለው፦ 30 ዓመት ያለፋት፣ ያልተነካካችና ምርቷ የቆመ መኪና እንደ ቅርስ ትቆጠርና ቀረጥ የለባትም፣ የሚከፈለው 7 በመቶ ቫት ብቻ ነው። ተራ መኪና ብትሆን 10 በመቶ ቀረጥ ላይ 19 በመቶ ቫት ይመጣ ነበር።

መልስ፦ የዴራ ልጅ (ዱባይ)

ከገልፍ ገዝታችሁ ለማምጣት የምታስቡ ካላችሁ፦ ዝገት የለም፣ ፀሐይ ግን አለ። ክሩስኮቱ ይሰነጠቃል፣ የእንጨት ጌጡ ቫርኒሹ ይላጣል፣ የበርና የመስታወት ጎሚኒ ሁሉ እንደ ብስኩት ይሆናል። ከታች አዲስ፣ ከላይ አሮጌ። ያልተሰነጠቀ ክሩስኮት ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

መልስ፦ ናታንያ

እስራኤል ውስጥም 30 ዓመት ሲሞላ የሰብሳቢ መኪና ይባላል፣ ዓመታዊ ክፍያውም ይቀንሳል። ግን በሥራ ቀን ጠዋት መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት መንዳት ክልክል ነው። እኛ ጋ ትዝታ ያለባት ደግሞ ረጅሟ 240 ዲ ናት፣ ሰባት ሰው የምትጭነው የድሮ ሼሩት፣ ማለትም የጋራ ታክሲ። በሷ ያልተሳፈረ የለም።

መልስ፦ ጋሼ 240 (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ በመጀመሪያ አባትሽን ሰላም በይልኝ። 200 ዲ ነድቶ ያላመመው ሰው የለም።

ግን እውነቱን ልንገርሽ። አገር ቤት አትገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ አሮጌ መኪና ላይ ከዋጋዋ የሚበልጥ ታክስ ጫነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ቆመ። አሁን የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ያንቺ ማርቸዲስ ጂቡቲ ድረስ ብትመጣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የላትም።

እኔ ያለችኝ 240 ዲ አገር ውስጥ የቆየች ናት። እዚህ አሮጌ መኪና የሚባል ልዩ ታርጋ የለም፤ ቦሎ ሲመጣ እንደማንኛውም መኪና ተሰልፌ ነው የማስመረምራት። ዋጋዋን የሚወስነው ሊብሬዋ ንጹህ መሆኑና ሶማሌ ተራ ዕቃዋ መገኘቱ ነው። አንድ ጊዜ የኋላ መብራት ፈልጌ ሦስት ቀን ዞሬያለሁ። ያገኘሁት ከተፈታች መኪና ላይ ነው፣ ያውም የቀኙን ስፈልግ የግራው ነበር የተሰቀለው። አባትሽ ከፈለገ እሑድ እሑድ ይምጣና አብረን እንዞራለን። የጀርመን መኪና ካነሳን አይቀር፣ ጃንሆይም መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወጡት በጀርመን መኪና ነው፣ በቮልስ። ይህን ስነግረው ይስቃል።

ጠያቂ፦ ሰላም ከካሰል

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ አባዬ መልእክትዎን ሦስቴ አስነበበኝ። እሑድ እመጣለሁ ብሏል።

አንድ ያልገባኝ ነገር፦ ሽማግሌው «ኖት 2 ናት» ይላሉ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ባትላሜራው (ሽቱትጋርት)

የይዞታ ደረጃ ነው፣ እንደ ጀርመን ትምህርት ቤት ውጤት። 1 ከፋብሪካ እንደወጣች ወይም ከዚያ የተሻለች፣ 2 ጥሩ፣ 3 ያገለገለች ግን የምትነዳ፣ 4 የተጎሳቆለች፣ 5 ፈርሳ የምትሠራ። አንዳንድ የአሜሪካ መለኪያዎች በ4 ይቆማሉ፣ ስለዚህ የነሱን 3 ከኛ 3 ጋር አታምታቺ። ባለቤት ደግሞ ሁልጊዜ ለራሱ አንድ ደረጃ ይጨምራል። 212 ሺ የሄደች፣ ቀለሟ ያልታደሰ፣ በየቀኑ ስትነዳ የኖረች መኪና ብዙ ጊዜ 3 ናት። እሱም አያሳፍርም።

አንቺ የምትሠሪው ሒሳብ እንዲህ ነው። ለተመሳሳይ ስሪት የኖት 3 ዋጋ ያዢ። ባለቤቷ አንድ ብቻ መሆኑ በድሮው የባለቤትነት ደብተር ከተጻፈ ትንሽ ጨምሪ። ከዚያ ሊፍት ላይ የተገኘውን ጥገና ሙሉ በሙሉ ቀንሺ፣ ግማሹን አይደለም። ከገዛሽ በኋላ ገምጋሚ አስጠርተሽ ዋጋዋን በወረቀት አስጽፊ። ያ ወረቀት ከሌለ አደጋ ሲደርስ ኢንሹራንሱ እንደማንኛውም አሮጌ መኪና ነው የሚያያት።

ፋብሪካው ለየመኪናው የሚያዘጋጀው የዳታ ካርድም አለ፤ የሞተሩ ቁጥር፣ የቀለሙ ኮድ፣ የታዘዘው ተጨማሪ ዕቃ ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ከሻንሲ ቁጥሯ ውስጥ 126024 ማየት አለብሽ፣ የ300 ኤስኢ ቁጥር ነው።

ጠያቂ፦ ሰላም ከካሰል (ከ12 ቀን በኋላ)

ውጤቱን ልንገራችሁ። ሽማግሌው ራሳቸው ጋራዥ ይዘውኝ ሄዱ። ሊፍት ላይ ስትወጣ ሁሉም ደህና ነበር። የቀኙ የኋላ ክሪክ ቦታ ላይ ግን መካኒኩ ክዳኑን ሲያነሳ አውራ ጣቴ የሚገባበት ቀዳዳ ተገኘ። ሽማግሌው ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ «ይህን አላውቅም ነበር» አሉና ጥገናው ስንት እንደሆነ ጠየቁ። 850 ዩሮ። እኔ አፌን ሳልከፍት 8,000 አሉኝ። የኋላ መስታወቱ ደረቅ ነው። ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ አለች።

ገዛኋት። ታርጋዋ ተራ ነበር፤ ሰውየው «ሃ» ለማውጣት ሰንፈው በየዓመቱ 453.90 ሲከፍሉ ኖረዋል። የ«ሃ» ምርመራ ላሜራው እንዳለቀ ነው። ወንድሜ አኩርፏል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ምድር ቤት ውስጥ አራት የብረት ቸርኬ ከነክዳናቸው አሉ፣ ከመኪናዋ ጋር የመጡት የመጀመሪያዎቹ ናቸው አሉኝ። አሁን ያለባት የአሉሚኒየም ነው። አንድ ሰው ሁሉንም በ200 ዩሮ ልውሰድ ይለኛል። ልሽጥለት?

መልስ፦ ባትላሜራው (ሽቱትጋርት)

እንዳትሸጪ! ደረቅ ቦታ አስቀምጪያቸው። ከጀርባቸው የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ከዳታ ካርዱ ጋር እናስተያየዋለን።