ሰርኩላር ሶው (በእጅ የሚገፋው ክብ የኤሌክትሪክ መጋዝ) አንዱን ጎን ብቻ ያቃጥላል፤ ዲስክ ልቀይር ወይስ ቴብል ሶ (ጠረጴዛ ላይ የተገጠመ መጋዝ) ልግዛ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምቆርጠው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው፤ ዲስኩ 185 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 24 ጥርስ። ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የላይኛው ፊት መቦጨቁ ያለ ነው፤ ጥሩውን ፊት ወደ ታች ገልብጬ ዲስኩን ከእንጨቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሳሳልፈው ቀንሷል። ግራ ያጋባኝ ማቃጠሉ ነው። የቁራጩ አንድ ጎን ብቻ ይጠቁራል፣ መሃል ላይ ሲደርስ ሞተሩ ያቃስታል። በሞርሳ የታሰረ ቀጥ ያለ ጣውላ እያስጠጋሁ ነው የምገፋው። ከመጋዙ መሠረት (እንጨቱ ላይ ከሚንሸራተተው ጠፍጣፋ ብረት) ጠርዝ እስከ ዲስኩ ስለካ ከፊት 92፣ ከኋላ 93 ሚሊ ሜትር ሆነ። 1 ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ያቃጥላል? ማስተካከያ ብሎን የሌለው መሠረትስ እንዴት ይቃናል? ባለ 60 ጥርስ ዲስክ መቦጨቁን ቢያጠፋም ሙቀቱን የሚያብሰው ይመስለኛል። ለዚህ ብሎ ቴብል ሶ መግዛት ደግሞ፣ ቦታውም ስለሌለ፣ የመጨረሻ ምርጫዬ ነው።