የባለቤት አልባ ውሾች መጠለያ ውስጥ ሐኪም ሆኜ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ወረዳ_ቬት (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከባሕር ዳር ወጣ ያለ ወረዳ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራው ያው የምታውቁት ነው፤ ጠዋት በሬ፣ ከሰዓት በግ፣ የገበያ ቀን ጀርባው የተላጠ አህያ፣ ክትባት ሲመጣ ደግሞ የበረዶ ሳጥን አንግቦ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር።

ሰሞኑን አንድ የማውቀው ሰው ደውሎ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በመንግሥት በጀት ለባለቤት አልባ ውሾች ማቆያ ለመጀመር እየታሰበ ነው፣ ሐኪም ትሆኛለሽ ወይ አለኝ። ደሞዙ አይለወጥም። የሚለወጠው ከተማ መግባቴ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት የምትገባበት ጊዜ ስለደረሰ ይሄ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን እውነቱን ለመናገር ዩኒቨርሲቲ እያለን ሁሉ ነገራችን ከብት ነበር። ውሻ እከተባለሁ ብሎ በባለቤቱ ሲመጣ አክማለሁ፣ መጠለያ የሚባል ነገር ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም። እናቴ ስነግራት «ዶክተር ብዬ አስመርቄሽ የውሻ እረኛ ልትሆኚ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሥራው ከቀን ወደ ቀን ምን ይመስላል? ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ? የመግደሉን ነገርስ ማነው የሚወስነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሽምብጥ_ባጃጅ፦

እህቴ አትቀየሚኝ። ሰው መጠለያ አጥቶ ሜዳ ላይ ባለበት ጊዜ ለውሻ መጠለያ ሲባል ስሰማ ያስቀኛል። እኔ ማታ ነው የምሠራው። ከአራት ሰዓት በኋላ አንዳንድ መታጠፊያ ላይ መንጋ ሆነው ነው ባጃጁን የሚከተሉት፤ ባጃጅ ደግሞ በር የለው፣ ተሳፋሪ እግሩን ሰብስቦ ነው የሚቀመጠው። ድሮ እንደሚደረገው መርዝ ያለበት ሥጋ መጣል ነው እንጂ ምን ማቆያ ያስፈልገዋል? ሥራውን ግን ያዢ፣ እንጀራ እንጀራ ነው።

ገጠር_ለገጠር፦

ባለባጃጁ ወንድሜ፣ ስለ ፍርሃቱ እውነት አለህ። ስለ መርዙ ግን ልክ አይደለህም።

በብዙ ከተሞቻችን ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ በሥጋ እየተደረገ ሲጣል ኖሯል። ያየ ያውቀዋል፣ ውሻው እየተንቀጠቀጠ ተገትሮ ነው የሚሞተው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እያዩት። ሬሳውን የበላ አሞራም አይተርፍም። ከዚያስ? ምግቡ እስካለ ድረስ ቦታው ባዶ አይቀርም። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበለትበትን ቦታ አስበው። አምባዛውና ቀረሶው ይሰነጠቃል፣ አንጀቱ ይወረወራል፣ ፔሊካኑ ከዚህ ውሻው ከዚያ ይሻማል። የዛሬዎቹን ብትጨርሳቸው ሌሎች ይመጣሉ፣ ያውም ያልተከተቡ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚቆመው ከውሾቹ 70 በመቶው ሲከተብ ነው። የተከተበውን ገድለህ ያልተከተበ ስታስገባ ቁጥሩን ቁልቁል ነው የምትነዳው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ልጆች ናቸው። ስለዚህ ይሄ ነገር ለውሻ ማዘን ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ ዶክተር። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ስለ ራስሽ ክትባት ይሁን። ሳትነከሺ በፊት የሚሰጠው መከላከያ ሁለት መርፌ ነው፣ በመጀመሪያው ቀንና በሰባተኛው ቀን። ከዚያ በኋላ ብትነከሺም ያለ ኢሚኖግሎቡሊን (ቁስሉ ላይ የሚወጋው የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) በአጭር ማጠናከሪያ ክትባት ትወጪዋለሽ። ላንቺ ብቻ አይደለም፤ ውሻ ለሚይዘውም፣ በረት ለሚያጥበውም፣ ለጥበቃውም ይሁን። «በጀት ሲለቀቅ» ካሉሽ፣ እሺ እኔም ያኔ እጀምራለሁ በያቸው። ሳሙናና የሚፈስ ውሃም በየቦታው ይኑር። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። መድኃኒት አዋቂ ጋ ደርሶ የሚመጣው ሰው ጉዳይ ስንቱን ቤት እንዳራቆተ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ተብሎ የሚመጣ ውሻ አለ። መንጋጋው ወርዷል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አይናከስም፣ ዝም ብሎ ያይሻል። ያሳዝናል፣ እጅሽን ልክ እንዲህ ሰደድ አድርገሽ ጉሮሮውን ማየት ያምርሻል። እንዳታደርጊው! ያበደ ውሻ ሁሉ አይሮጥም፣ አይናከስምም፣ በሽታው መንጋጋውን ሽባ አድርጎት ይሆናል። ለብቻው ዝጊበት። ሰው ነክሶ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከሆነ 10 ቀን ለብቻው ይቆያል፣ ይታያል። ከሞተ ጭንቅላቱ በበረዶ ተይዞ ለምርመራ ይሄዳል። በጥይት ወይም በዱላ ጭንቅላቱን ካፈረሱት ግን ምን ሊመረመር!

ቀበሌ14_ባሕር_ማዶ፦

ሰላም የኔ እህት። ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ነው ያደግሁት። አሁን አሜሪካ አንድ የካውንቲ መጠለያ ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። አገር ቤት ሐኪም ነበርኩ፣ እዚህ ግን ውጭ ለተማረ ሰው ፈቃድ የሚሰጠው ረጅምና ውድ ፈተና ታልፎ ስለሆነ ገና እየተንገላታሁ ነው። ያየሁትን ልንገርሽ፣ ለኛ የሚሆነውን አንቺ ምረጪ።

የመንግሥት መጠለያ ማለት እንቢ ማለት የማይችል ቤት ማለት ነው። የግሉ «ሞልቶብናል» ብሎ በሩን ይዘጋል። የመንግሥቱ ግን ፖሊስ ያመጣውንም፣ መኪና የገጨውንም፣ ባለቤቱ ሌሊት አጥር ላይ አስሮት የሄደውንም ይቀበላል። እዛ አገር ቤት ደግሞ ቡችላ በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው በር ላይ ያስቀምጡልሻል፤ አርጅቶ የተለቀቀ የጋሪ ፈረስ ይመጣብሻል፣ «የእንስሳት መጠለያ አይደላችሁ እንዴ?» ተብለሽ።

ጠዋት የሚጀመረው በዙር ነው። ማን በላ፣ ማን አስቀመጠው፣ ማን አስነጠሰ። ከቡችሎቹና ከጤነኞቹ ትጀምሪያለሽ፣ የታመሙት መጨረሻ ናቸው፣ ምክንያቱም በሽታውን ከክፍል ክፍል የምታዞሪው አንቺ ራስሽ ነሽ፣ በጫማሽና በጓንትሽ። አዲስ የመጣ እንስሳ ደግሞ በር ላይ እያለ ነው የሚከተበው። «ዛሬ ይረፍ፣ ነገ» አይባልም። በሽታ ለመያዝ አንድ ሌሊት ይበቃል።

ክሊኒክ ውስጥ አንድ በሬ ታክሚያለሽ። መጠለያ ውስጥ የምታክሚው ቤቱን ነው። ይሄን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። ፓርቮ፣ ያ ቡችላ የሚፈጀው የአንጀት ቫይረስ፣ የገባበትን የቡችላ ክፍል አስቢ፤ ደም የቀላቀለው ተቅማጥ ሽታው ልብስሽ ላይ ቤትሽ ድረስ ይከተልሻል፣ ጠዋት ሲዘል ያየሽው ቡችላ ማታ ጭንቅላቱን ማንሳት አቅቶት ይተኛል። ቫይረሱ ወለሉ ላይ ለወራት ይቆያል። አልኮል አይነካውም። በረኪና ይገድለዋል፣ ግን መጀመሪያ ቆሻሻው ተጠርጎ በሳሙና ከታጠበ ብቻ ነው፣ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ብር መድፋት ነው። ወለሉ አፈር ከሆነ ደግሞ ምኑን ታጥቢዋለሽ? ስለዚህ ሐኪም ሆነሽ ስለ ሲሚንቶና ስለ ቦይ መከራከር አለብሽ። መሐንዲሱ ይስቅብሻል፣ ይሳቅ።

ብዛቱ ደግሞ ዋናው ነው። ለ30 ውሻ በተሠራ ቤት 60 ካጎሩበት የትኛውም መድኃኒት አያወጣሽም፤ ይነካከሳሉ፣ ይሳሳሉ፣ እከክና ሳል ይዞራል። ስንት እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን በየት እንደሚወጣ ጠይቂ። የሚወስዳቸው ሰው አለ? ተከትበውና ተኮላሽተው ወደ ሰፈራቸው ይመለሳሉ? መውጫ የሌለው መጠለያ መጋዘን ነው።

ስለ መግደሉ። እዚህ በፔንቶባርቢታል በደም ሥር ነው፣ እንቅልፍ ወስዶት ያልፋል። ሰውን የሚጎዳው ሲሰቃይ የነበረውን ማሳረፍ አይደለም። ጭራውን እየቆላ የሚመጣውን ጤነኛ ውሻ በቦታ ጥበት ምክንያት መያዝ ነው። ባልደረቦቼ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ ሥራ የለቀቁም አሉ። ለእናትሽ ደግሞ ይሄን ንገሪልኝ፤ የመጠለያ ሕክምና አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ተብሎ እውቅና አግኝቷል። እረኝነትም ቢሆን ዲግሪ ያለው እረኝነት ነው።

ወረዳ_ቬት (ጠያቂ)፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እናቴ ይህችን የመጨረሻዋን ስታነብ ትስቃለች። አንድ ነገር ብቻ፤ ፔንቶባርቢታል እኛ ጋ ከየት ይገኛል? በእጃችን ያለው ማደንዘዣ ኬታሚንና ዛይላዚን ነው፣ እሱም ሲገኝ።

ገጠር_ለገጠር፦

እሱ ነው ችግሩ። ከመፈረምሽ በፊት የመድኃኒት ዝርዝር ጽፈሽ ስጪያቸው። የማደንዘዣውን፣ የማሳረፊያውን፣ የውሻ ክትባቱን፣ ለእከኩና ለትሉ አይቨርሜክቲኑን። የመንገድ ውሻ ብልት ላይ የሚወጣው ያ ደም የሚያዠው እባጭ በቪንክሪስቲን ስለሚድን እሱንም ጨምሪበት፤ ሰው «ካንሰር ነው፣ ይገደል» የሚለው ስንቱ በጥቂት መርፌ ይጠፋል መሰለሽ። በቂ ማደንዘዣ ከሌለ እንስሳ አላሳርፍም በያቸው። ሙሉ ሰመመን ውስጥ ያልገባ እንስሳ ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ ከመርዙ ሥጋ አይሻልም።

ውሳኔውም በአንቺ ፊርማ ብቻ እንዳይሆን። በየትኛው በሽታ፣ በየትኛው ጠባይ፣ ከነማን ጋር ተነጋግራችሁ እንደምትወስኑ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ። አለበለዚያ አንድ ቀን እንግዳ ይመጣል ተብሎ «እስከ አርብ ከተማው ይጽዳ» የሚል ስልክ ይደወልልሻል፣ ያኔ ወረቀት ከሌለሽ ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ?

ፍሪጁንም አትርሺ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቂያቸው፣ መልሳቸው ስለ ቀሪው ነገር ሁሉ ይነግርሻል።

ቀበሌ14_ባሕር_ማዶ፦

ሴት ውሾቹን የምትሠሪበት ክፍልም ጠይቂ። ወንዱን ማኮላሸት ለአንቺ ምንም አይደለም፣ በሬ የኮላሸ እጅ ነው። ሴቷን ግን ሆዷን ከፍተሽ ማህፀን ማውጣት ነው፣ ንጹሕ ክፍል፣ ረዳት፣ ሲነቁ የሚጠብቃቸው ሰው ይፈልጋል። በዓመት ሁለቴ ያህል ነው ለወንድ የምትደርሰው፣ እርግዝናዋም ሁለት ወር ብቻ ነው። ይሄ ክፍል ከሌለ እናንተ ስትሰበስቡ እነሱ ይወልዳሉ። መጀመሪያ የሚረዳሽ ልምድ ያለው ሰው አስመጡልኝ በይ፣ አይነውርም።

ሽምብጥ_ባጃጅ፦

እሺ ገባኝ፣ ስለ መርዙ ያልኩትን ሰርዙልኝ። የልጆቹን ቁጥር አላውቅም ነበር፣ እኔም ሁለት አሉኝ። ግን ማቆያው የት ሰፈር ነው የሚሠራው? ሽምብጥ እንዳይሆን ብቻ! ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ ማን ይተኛል?

ወረዳ_ቬት (ጠያቂ)፦

ቦታው ገና አልተወሰነም ነው የሚሉት። ሰኞ ሄጄ አናግራቸዋለሁ። የቦዩን፣ የፍሪጁን፣ የክትባቱንና የወረቀቱን ነገር ጽፌ ይዣለሁ። የአንተንም ጩኸት እጨምርበታለሁ ወንድሜ፣ ከምሬ ነው።

ገጠር_ለገጠር፦

ወደ ሐይቁ የሚወርድ ቦይ አጠገብም እንዳይሆን። የ60 ውሻ ዓይነ ምድርና በረኪና ጣና ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከነሽምብጡ ሁላችንም ነን የምንጮኸው።