ተቆርጦ ያልገባ የ24 ወር የጡረታ መዋጮ፦ ከየት ልጀምር?

ሰላም ወገኖች። ከሐምሌ 2003 ጀምሮ የአንድ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ፤ ሐምሌ 2019 ላይ 60 ይሞላኛል። የጡረታውን ስሌት አውቀዋለሁ፦ ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደሞዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። 16 ዓመት 37.5 በመቶ ይሆናል፤ አማካዩ 20,000 ብር ቢሆን 7,500 ብር ማለት ነው።

ችግሩ፣ የኔ 7 በመቶ መዋጮ በየወሩ እየተቆረጠ (የደሞዝ ወረቀቱ ላይ 1,400 ብር ቁልጭ ብሎ ይታያል) አሠሪው የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ያላስገባቸው 24 ወራት አሉ። እንደ አገልግሎት ካልተያዙልኝ ወደ 35 በመቶ እወርዳለሁ፤ በወር 500 ብር ይጎድላል፣ ያውም ዕድሜ ልክ። ይባስ ብሎ ከነሱ 9ኙ ወራት በመጨረሻው 3 ዓመት ውስጥ ናቸው፤ አማካዩን ይዘውት እንዳይወርዱ ሰግቻለሁ። ከደሞዝ በላይ የሚከፈል አበል በአማካዩ እንደማይቆጠር አውቃለሁ፣ እሱን ተዉት።

የደሞዝ ወረቀትና የባንክ ስቴትመንት ብቻ አገልግሎቱን ያስይዛሉ ወይስ ማህተም ያለው የፔይሮል (የድርጅቱ የደሞዝ መክፈያ ዝርዝር) ቅጂ የግድ ነው? ድርጅቱ «ውዝፉን ቀስ በቀስ እንከፍላለን» ከማለት አላለፈም። አቤቱታዬን መጀመሪያ ጡረታውን ለሚያስተዳድረው የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ላስገባ ወይስ ድርጅቱን በጽሑፍ ልጠይቅ? ቅደም ተከተሉን የምታውቁ ንገሩኝ።